ሦስቴ መርገጥ

የአባቴ መኪና ስትቆም ታስቆጥራለች፤
አንዴ ቢረግጧት ገና ትሰማለች፣
ሁለቴ ቢረግጧት ትተነፍሳለች፣
በሦስተኛው ረገጣ፣ ደስ ካላት፣ ትይዛለች፤
ያውም ወደ ግራ፣ ወደ ሐይቁ ስባ፣
ውሃ እንደናፈቃት ጊደር ልትገባ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆሮሶ ጭናለች፣
ከወደብ ወደ ሆቴል ተመላልሳለች፤
ወንበሯ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ መሪዋም ዓሣ ዓሣ፣
ድመት ይከተላታል ሰልፉን ሳያሳሳ።

አባቴ ጌትዬ፣ ፍሬን ሲሉት ይስቃል፦
«ፍሬን ለቸኮለ ነው፤ ለኔ ማርሽ ይበቃል።»
ከቤዛዊት ቁልቁል ሁለተኛ ይዞ፣
እያስጓራ ይወርዳል፣ ክርኑን መስኮት ላይ ጥሎ፣ እንደ ዳኛ ተክዞ።

እኔ ግን በሰኔ፣ ማታ፣ ዝናብ አባርቶ፣
ከዓባይ ዳር ጉማሬ ሣር ሊግጥ ወጥቶ፣
አስፋልቱ መሐል ላይ እንደ ጎጆ ቆሞ፣
ጆሮውን ያርገፈግፋል፣ «ማን ነሽ» የሚል ደግሞ።
አንድ። ታምቡሩ ረጥቦ ሸራው ይንሸራተታል።
ሁለት። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሄዳል።
ሦስት። ቆመች። ከአፍንጫው እስከ ኮፈኑ ጫፍ፣
አንድ ክንድ። ይታየኛል ትንፋሹ መስታወቴ ላይ ሲያርፍ።

በነጋታው ሄድኩ ይርሳው ጋራዥ፣ ጎርደማ ጀርባ፤
ጎማዋን ፈትቶ፣ ታምቡሩን በመዶሻ ሲያባባ፣
ዝገቱ እንደ በርበሬ እግሩ ሥር ረገፈ፤
ሸራው ከምስማር በታች፣ እንደ ጥፍር ሳስቶ ተረፈ።
«ታምቡር፣ የሻረግ፣ ይጮሃል እንጂ አይናገር፤
ዲስክ ነው የሚያዋጣሽ፣ በዚህ በውሃ አገር።
ዲስክ ቢርስ ያራግፋል፣ እንደ ዳክዬ ላባ፤
ታምቡር አፍኖ ያሳድራል፣ ውሃ አንዴ ከገባ።»

ዲስኩ ከነካሊፐሩ በማዳበሪያ መጣ፤
የታናሽ እህቷ ነው፣ ሐሙሲት ላይ ገደል ገብታ ሞተሯ የወጣ።
እጄን ሰበሰብኩኝ፦ «ፍሬን ከለቅሶ ቤት?»
«ፍሬኑማ አልሞተም፤ እዪ የሸራውን ውፍረት!
መንገዱ ላይ የጎማ አንድ ጭረት አልነበረው፤
አልረገጡትም እንጂ፣ ቢረግጡት የሚይዝ ነው።»
ይህን ቃል ታቅፌ ቁጭ አልኩ ክሪኩ ጎን፤
ስንት ጤነኛ ፍሬን፣ ስንት የዘገየ እግር ይሆን።

ቸርኬው አልገባ ብሎ ካሊፐሩን ነካ፤
ይርሳው ሞርዶ ሞርዶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለካ።
ማስተሩንም ለወጠው፤ «በአሮጌ ልብ» አለኝ፣
«አዲስ ጉልበት አይገፋም።» ብሩን ግን ጨመረብኝ።

አየሩን ለማስወጣት ፔዳል ረጋጭ ጠፋ፤
አባቴ ከዘራውን ሰጠኝ፣ ወደ ጋቢናው ተገፋ።
«ርገጥ!» ይላል ይርሳው ከሥር። «ረገጥኩ።» «ያዝ።» «ያዝኩ።» «ልቀቅ።»
ጥቁር ዘይት አረፋውን ሃይላንድ ውስጥ ሲያፈልቅ።
«ርገጥ።» «ረገጥኩ።» «ያዝ።» ሠላሳ ሁለት ዓመት
ማንም ያላዘዘው እግር፣ ያን ቀን ታዘዘ ለጩኸት።
ቀስ በቀስ ፔዳሉ ከሥሩ ጠጠረ፤
አባቴ ወለሉን እያየ፦ «ይሄ ሁሉ አየር ነበረ?»

ከቤዛዊት ቁልቁል እኔ ይዤ ወረድኩ፤
እሱ ከጎኔ ነው። አንድ ባጃጅ ሲያቋርጥ ረገጥኩ፤
አንዴ። አንድ ጊዜ ብቻ። ቀጥ አለች፣ ቀጥ ብላ፤
ወደ ግራም አልሳበች፤ ባዶው የዓሣ ሣጥን ከኋላ
መጥቶ ጋቢናውን መታ፤ የአባቴ ቆብ
ወደ ዳሽቦርዱ በረረ። ባጃጁ ሄደ፣ ሳይገባው፣ ሳያስብ።

ቆቡን አንሥቶ አራገፈ፤ ሐይቁን አየ፤ ምንም አላለ።
ዘንባባው ሥር ልጆች ይስቃሉ፤ ፀሐይ ወደ ዘጌ ያዘነበለ።
መኪናዋ ቆማ ሳለች፣ ሞተሩ ዝቅ ብሎ፣
የአባቴ ቀኝ እግር፣ ፔዳል በሌለበት፣ ላሜራው ላይ ውሎ፣
አንዴ ረገጠ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ
ጫማው አየር ላይ ቆመ፤ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ፣ ቀስ።